ከርነሉን ዳግም ኮምፓይል ሳታደርጉ ፈንክሽን ላይ ፕሮብ የመትከል አሠራር

አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ቃላቱ ይለያያሉ፣ ነገሩ ግን አንድ ነው፦ «ድራይቨሩ ስህተት ይመልሳል፤ የትኛው ፈንክሽን ላይ እንደሚበላሽ ግን አላውቅም። ፕሪንትኬ (መልእክት ማተሚያ ፈንክሽን) እየጨመርኩ ከርነሉን (የሥርዓተ ክወናውን እምብርት) በሙሉ እንደ አዲስ ኮምፓይል ላድርግ?» አታድርጉ። ሊኑክስ እየሠራ ሳለ፣ ማሽኑ ሳይጠፋ፣ የፈለጋችሁት ፈንክሽን በር ላይ ዘበኛ አቁማችሁ ማን እንደገባ፣ ምን ይዞ እንደገባና ምን ይዞ እንደወጣ ማየት ትችላላችሁ። መሣሪያው ኬፕሮብ ይባላል፤ በሩ ላይ የሚቆመው ዘበኛ ደግሞ ፕሮብ። የማሳያችሁም አንድ መስመር ሲ ሳትጽፉ፣ ከርነሉ ባዘጋጀው ፋይል ላይ ጽሑፍ በማስገባት ብቻ የሚሠራበትን መንገድ ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። የትእዛዞችንና የፋይሎችን ስም እንደምንጠራቸው በፊደላችን አስቀምጫለሁ። ተርሚናል ላይ ስታስገቡ ግን በላቲን ፊደል ነው፤ «ግባ» እና «ውጣ» ያልኳቸውን የፕሮብ ስሞች ጨምሮ።

ፕሮቡ ውስጥ ውስጡን የሚሠራውን ባጭሩ እወቁ፤ ኋላ የሚመጡት ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ከዚህ ነው የሚመነጩት። በኤክስ86 ላይ ከርነሉ የመረጣችሁትን ኢንስትራክሽን ቅጂ ያስቀምጥና የመጀመሪያ ባይቱን በብሬክፖይንት፣ ማለትም ሲፒዩውን በሚያስቆም ኢንስትራክሽን፣ ይተካዋል። ሲፒዩው እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ የሬጂስተሮቹ (የሲፒዩው ውስጣዊ ማስቀመጫዎች) ይዘት ይመዘገባል፣ ቅጂው ይሠራና ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። ሲመቸው በብሬክፖይንት ፈንታ ቀለል ያለ ዝላይ ይጠቀማል፤ ፕሮቡ ፈንክሽኑ መግቢያ ላይ ከሆነም ብዙ ጊዜ እዚያው በተዘጋጀው የኤፍትሬስ (የከርነሉ የራሱ የፈንክሽን መከታተያ) መንጠቆ ይገባል። በየትኛውም መንገድ ይሁን ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር ትንሽ ዋጋ ይከፈላል፤ መዝጋቢው ኮድም የሚሠራው እንቅልፍ (ሥራ አቁሞ መጠበቅ) በማይፈቀድበት ቦታ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሊኑክስ 5.6 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ። በምሳሌ የምወስደው ዱ_ሲስ_ኦፕንአት2 የተባለው ፈንክሽን ከዚያ በፊት የለም።
- ባለ 64 ቢት ኤክስ86 ማሽን። ኤአርኤም64 ከሆነ አሠራሩ ያው ነው፤ የሬጂስተሮቹ ስም ብቻ ይለያል።
- ከርነሉ ሲገነባ ኮንፊግ_ኬፕሮብስ እና ኮንፊግ_ኬፕሮብ_ኢቨንትስ የበሩለት መሆኑ። ብዙውን ጊዜ /ቡት ማውጫ ውስጥ ስሙ በ«ኮንፊግ» የሚጀምረውን ፋይል ከፍታችሁ ሁለቱ አጠገብ «=ዋይ» መኖሩን እዩ።
- የሩት ፈቃድ።
- የዚያው ቨርዥን የከርነል ምንጭ ኮድ። የአርጊውመንቶቹን ቅደም ተከተል የምታነቡት ከእሱ ነው፤ የሌላ ቨርዥን ኮድ ያሳስታችኋል።
- ሁለት ተርሚናል።
- ስናፕሾት የተወሰደለት ቨርቹዋል ማሽን። ግዴታ ባይሆንም ለመጀመሪያ ሙከራ ያለ እሱ አትግቡ እላለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚጠራ ፈንክሽን ላይ፣ ለምሳሌ ሜሞሪ የሚያድሉና ሎክ የሚይዙ ፈንክሽኖች ላይ፣ ያለ ማጣሪያ ፕሮብ አትትከሉ። እኔ አንድ ጊዜ በርቀት በገባሁበት ማሽን የሜሞሪ ማደያ ፈንክሽን ላይ ስታክ ትሬስ (የጠሪዎቹን ሰንሰለት ማተሚያ) ጭምር አብርቼ፣ ማጥፊያውን ትእዛዝ ለመጻፍ ፊደል በፊደል እየጠበቅሁ ነው የጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ ማጥፊያውን (ደረጃ 9 ላይ ያለውን «ኤኮ 0» የሚለውን መስመር) በሁለተኛው ተርሚናል ላይ አስቀድሜ ጽፌ፣ ኢንተር ብቻ ሳልመታ አስቀምጠዋለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ሌላም አለ። ፕሮብ የሚመዘግበው የሰዎችን የፋይል ስምና ዳታ ሊሆን ይችላል። ውጤቱን ለሌላ ሰው ከመላካችሁ በፊት አንብቡት።

1. ሩት ሆናችሁ ወደ ማውጫው ግቡ

ሱዶ -ኤስ
ሲዲ /ሲስ/ከርነል/ትሬሲንግ

ማውጫው ባዶ ከሆነ ትሬስኤፍኤስ (እነዚህን ፋይሎች የሚያቀርበው የፋይል ሥርዓት) አልተገጠመም ማለት ነው፤ እንዲህ ግጠሙት፦

ማውንት -ቲ ትሬስኤፍኤስ ኖዴቭ /ሲስ/ከርነል/ትሬሲንግ

እያንዳንዱ ትእዛዝ ፊት ሱዶ ከመደርደር መጀመሪያውኑ የሩት ሼል መክፈት ይሻላል። ምክንያቱም «ሱዶ ኤኮ ... > ፋይል» ብትሉ ሱዶ የሚሠራው ለኤኮ ብቻ ነው፤ ፋይሉን የሚከፍተው የእናንተው ተራ ሼል ስለሆነ «ፈቃድ የለም» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

2. ፈንክሽኑ በእርግጥ መኖሩን አረጋግጡ

ግሬፕ ዱ_ሲስ_ኦፕንአት2 /ፕሮክ/ካልሲምስ

አንድ መስመር ይመጣል፦ አድራሻ፣ «ቲ» የምትል ፊደል፣ ከዚያ ስሙ። ትንሿ «ቲ» ፈንክሽኑ በራሱ ፋይል ውስጥ ብቻ የሚታወቅ መሆኑን፣ ትልቋ ለሌሎችም ክፍት መሆኑን ትናገራለች። ለፕሮብ ሁለቱም እኩል ናቸው። አድራሻው ዜሮ በዜሮ ከሆነ ሩት አይደላችሁም፣ ወይም ከርነሉ አድራሻ እንዲደብቅ ተደርጓል፤ በስም እስከተከላችሁ ድረስ ይህ አያግዳችሁም።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ምንጭ ኮዱ ውስጥ በዓይናችሁ ያያችሁት ፈንክሽን እዚህ ዝርዝር ውስጥ ላይኖር ይችላል። ኮምፓይለሩ ትንንሽ ፈንክሽኖችን ጠሪያቸው ውስጥ ይቀብራቸዋል፤ የራሳቸው መግቢያ ስለማይኖራቸው በራቸው ላይ የምታቆሙት ዘበኛም አይኖርም። መፍትሔው አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥቶ ጠሪውን መያዝ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ስሙ ላይ ጭራ ተቀጥሎ ታገኙታላችሁ፦ «.ኢስራ.0» ወይም «.ኮንስትፕሮፕ.0»። ጭራው ኮምፓይለሩ አርጊውመንቶቹን ነካክቷቸዋል ማለት ነው። ፕሮቡ ይተከላል፤ ግን ሬጂስተሮቹ እንደ ምንጭ ኮዱ ቅደም ተከተል ስለመሆናቸው ዋስትና የላችሁም። ያው ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ከመጣ የቆዩ ከርነሎች አንዱን ዝም ብለው ይይዛሉ፣ አዳዲሶቹ እምቢ ይላሉ።

ፕሮብ ፈጽሞ የማይፈቀድባቸው ፈንክሽኖችም አሉ፤ በተለይ የብሬክፖይንቱን አያያዝ ራሱን የሚያስፈጽሙት። እዚያ ፕሮብ ቢተከል ፕሮቡ ራሱን እየጠራ ማሽኑን ይጥለዋል። ዝርዝራቸው /ሲስ/ከርነል/ዲበግ/ኬፕሮብስ/ብላክሊስት ውስጥ ነው።

3. በመጀመሪያ ባዶ ፕሮብ ትከሉ

ኤኮ 'ፒ:ግባ ዱ_ሲስ_ኦፕንአት2' >> ኬፕሮብ_ኢቨንትስ

«ፒ» የመግቢያ ፕሮብ ነው፣ «ግባ» እናንተ የሰጣችሁት ስም፣ የመጨረሻው ፈንክሽኑ። አርጊውመንት ገና አልጨመርንም፤ ሆን ብለን ነው። በመጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ፈንክሽኑ ይጠራል ወይስ አይጠራም?» የሚለው ነው። ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ ሰው የአርጊውመንት አጻጻፍ ሲያስተካክል ቆይቶ ፈንክሽኑ ጭራሹን የማይደረስበት ሆኖ ሲገኝ።

ካት ኬፕሮብ_ኢቨንትስ ብላችሁ መመዝገቡን እዩ። ተመዘገበ እንጂ ገና አልነቃም፤ የፈንክሽኑ ኮድ እስካሁን አልተነካም።

4. ማጣሪያ አድርጉ፣ አብሩ፣ ተመልከቱ

ፋይል መክፈት ሁሉም ፕሮግራም የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ሳታጣሩ ካበራችሁ ጎርፍ ይመጣል። ስሙ «ካት» የሆነውን ፕሮሰስ ብቻ እንያዝ፦

ኤኮ 'ኮም == "ካት"' > ኢቨንትስ/ኬፕሮብስ/ግባ/ፊልተር
ኤኮ 1 > ኢቨንትስ/ኬፕሮብስ/ግባ/ኢኔብል

አሁን በዚሁ ተርሚናል «ካት ትሬስ_ፓይፕ» ብላችሁ ተዉት። በሁለተኛው ላይ፦

ካት /ኢቲሲ/ሆስትኔም

የሚወጣው መስመር ይህን ይመስላል፤ ቁጥሮቹ በእናንተ ማሽን ይለያሉ፦

ካት-4127 [002] 812.334512: ግባ: (ዱ_ሲስ_ኦፕንአት2+0)

በተራ፦ የፕሮሰሱ ስምና ቁጥሩ፣ የሠራበት ሲፒዩ፣ ሰዓቱ በሴኮንድ፣ የፕሮቡ ስም፣ የተያዘበት ቦታ። አንድ ፋይል ብቻ ከፍታችሁ ሦስት አራት መስመር ቢመጣ አትደንግጡ። ካት ሆስትኔምን ከመንካቱ በፊት ላይብረሪዎቹን የሚፈልግበትን ካሽና ሲ ላይብረሪን ይከፍታል፤ ሁሉም በዚሁ በር ያልፋሉ።

ትሬስ_ፓይፕ ያነበበውን እየበላ የሚሄድ ፋይል ነው። ደግማችሁ ማንበብ ከፈለጋችሁ «ትሬስ» የተባለውን ክፈቱ፤ እሱ አያጠፋም።

5. አርጊውመንቶቹን ጨምሩ

ምንጭ ኮዱን ስታነቡ ፈንክሽኑ ሦስት አርጊውመንት ይቀበላል፦ የማውጫ ቁጥር፣ ተጠቃሚው የሰጠው የፋይል ስም አድራሻ፣ እና የአከፋፈቱን ዓይነት የሚይዝ ስትራክት (ብዙ መስኮች ያሉት የዳታ ጥቅል)። በባለ 64 ቢት ኤክስ86 ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው አርጊውመንት የሚመጡት በዲአይ፣ ኤስአይ፣ ዲኤክስ፣ ሲኤክስ፣ አር8 እና አር9 ሬጂስተሮች ነው። በኤአርኤም64 ከኤክስ0 ጀምሮ በተራ ነው።

የነቃ ፕሮብ አይሰረዝም፤ መጀመሪያ አጥፉት፣ ሰርዙት፣ እንደገና ትከሉት፦

ኤኮ 0 > ኢቨንትስ/ኬፕሮብስ/ግባ/ኢኔብል
ኤኮ '-:ግባ' >> ኬፕሮብ_ኢቨንትስ
ኤኮ 'ፒ:ግባ ዱ_ሲስ_ኦፕንአት2 ማውጫ=%ዲአይ:ኤስ32 ስም=+0(%ኤስአይ):ዩስትሪንግ' >> ኬፕሮብ_ኢቨንትስ

ማጣሪያው ከፕሮቡ ጋር ስለተሰረዘ ደረጃ 4ን እንደገና ሥሩ።

ከሁለት ነጥቡ በኋላ ያለው ዓይነት ጌጥ አይደለም። የማውጫው ቁጥር ብዙ ጊዜ -100 ነው፤ «አሁን ካለሁበት ማውጫ ጀምር» ማለት ነው። «ኤስ32» ባትሉና «ዩ32» ብትሉ ያው ቁጥር 4294967196 ሆኖ ይወጣል፤ የተበላሸ ዳታ ያገኛችሁ ይመስላችኋል። «+0(...)» ደግሞ «ሬጂስተሩ የያዘው አድራሻ ነው፤ ሂድና እዚያ ያለውን አንብብ» ማለት ነው። «ዩስትሪንግ» የሚለው አድራሻው የተጠቃሚ ሜሞሪ መሆኑን ይነግረዋል፤ የከርነል ሜሞሪ ቢሆን «ስትሪንግ» ብቻ ይበቃል።

አንዳንድ መስመር ላይ በፋይሉ ስም ቦታ «(ፎልት)» የሚል ታያላችሁ። ስሙ ያለበት የተጠቃሚ ገጽ ገና ሜሞሪ ውስጥ አልገባም፤ መዝጋቢው እንቅልፍ ስለማይፈቀድለት ገጹ እስኪመጣ መጠበቅ አይችልም። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ማለፊያው ስሙ ወደ ከርነል ከተገለበጠ በኋላ የሚጠራውን ፈንክሽን መያዝ ነው። እዚህ ላይ እሱ ዱ_ፊልፕ_ኦፕን ነው። ሁለተኛ አርጊውመንቱ የስትራክት አድራሻ ሲሆን የስትራክቱ የመጀመሪያ መስክ የስሙ ፖይንተር ነው፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ እንከተላለን፦

ኤኮ 'ፒ:ፋይል ዱ_ፊልፕ_ኦፕን ስም=+0(+0(%ኤስአይ)):ስትሪንግ' >> ኬፕሮብ_ኢቨንትስ

ይህ ዘዴ ለፋይል ብቻ አይደለም። የተጠቃሚ ሜሞሪ አልነበብ ባለ ቁጥር አንድ ሁለት ፈንክሽን ወደ ውስጥ ግቡ።

6. የመመለሻ ፕሮብ ትከሉ

ኤኮ 'አር:ውጣ ዱ_ሲስ_ኦፕንአት2 መልስ=$ሬትቫል:ኤስ32' >> ኬፕሮብ_ኢቨንትስ
ኤኮ 'መልስ < 0' > ኢቨንትስ/ኬፕሮብስ/ውጣ/ፊልተር
ኤኮ 1 > ኢቨንትስ/ኬፕሮብስ/ውጣ/ኢኔብል

በሁለተኛው ተርሚናል የሌለ ፋይል ለመክፈት ሞክሩ። «መልስ=-2» ይመጣል፤ ፋይሉ የለም ማለት ነው። ፈቃድ ቢከለከል -13፣ ሜሞሪ ቢያልቅ -12 ይሆን ነበር። እዚህም «ኤስ32» ከተዘለለ -2 በኤፍ የተሞላ ረጅም ሄክሳዴሲማል ቁጥር ሆኖ ይወጣል። በዚህ ምክንያት «ፈንክሽኑ አድራሻ እየመለሰ ነው» ብለው የሚጽፉልኝ አሉ።

ይህ ፕሮብ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ፈንክሽኑ ሲገባ ስታክ ላይ ያለው የመመለሻ አድራሻ በከርነሉ ትራምፖሊን (መሸጋገሪያ ኮድ) አድራሻ ይተካል፤ ፈንክሽኑ ሲጨርስ መጀመሪያ እዚያ ያርፋል፣ መልሱ ይመዘገባል፣ ከዚያ ወደ እውነተኛው ጠሪ ይላካል። ዋናው አድራሻ የሚቀመጥበት ቦታ ግን የተወሰነ ነው። ብዙ ፕሮሰሶች በአንድ ጊዜ ፈንክሽኑ ውስጥ ካሉ ቦታ ያጣው ጥሪ ሳይመዘገብ ያልፋል።

መግቢያና መውጫን ለማዛመድ የፕሮሰሱን ቁጥር ተከተሉ። በተለያየ ሲፒዩ ላይ መስመሮቹ ስለሚጠላለፉ «ከላይ ያለው የእሱ ነው» ብላችሁ አትገምቱ።

7. ማን እንደጠራው እዩ

ኤኮ 'ስታክትሬስ:5' > ኢቨንትስ/ኬፕሮብስ/ግባ/ትሪገር

ግባ ካልነቃ አንቁት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥሪዎች ላይ የጠሪዎቹ ሰንሰለት አብሮ ይታተማል። ድራይቨር ስትመረምሩ ከሁሉ የሚጠቅመው ይሄ ነው፤ ስህተቱ ያለው ብዙ ጊዜ ስህተቱን በመለሰው ፈንክሽን ሳይሆን መጥፎ አርጊውመንት ባቀበለው ጠሪ ላይ ነውና። ቁጥሩን አትተዉ፤ ያለ 5 ከጻፋችሁት በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ ይታተማል።

8. ያመለጠ ጥሪ መኖሩን አረጋግጡ

ካት ኬፕሮብ_ፕሮፋይል

ሦስት ዓምድ አለው፦ ስም፣ የተያዘ ብዛት፣ ያመለጠ ብዛት። ሦስተኛው ዜሮ ካልሆነ «ይህ ፈንክሽን በዚህ ሰዓት አልተጠራም» ብላችሁ መደምደም አትችሉም። ያመለጠው የመመለሻ ፕሮብ ላይ ከሆነ ቦታውን አስፉት፤ «አር:ውጣ» የነበረውን ሰርዛችሁ «አር64:ውጣ» ብላችሁ ትከሉ።

9. አጽዱ

ኤኮ '!ስታክትሬስ' > ኢቨንትስ/ኬፕሮብስ/ግባ/ትሪገር
ኤኮ 0 > ኢቨንትስ/ኬፕሮብስ/ኢኔብል
ኤኮ > ኬፕሮብ_ኢቨንትስ
ኤኮ > ትሬስ

ከዚያ /ሲስ/ከርነል/ዲበግ/ኬፕሮብስ/ሊስት ውስጥ የእናንተ ፕሮብ እንደሌለ እዩ። ሂደቱ መሐል ማሽኑ ከከበደባችሁና አንድ በአንድ ለማጥፋት ጊዜ ከሌለ፣ እዚያው ማውጫ ውስጥ ኢኔብልድ የሚባለው ፋይል ላይ 0 ጻፉ፤ ሁሉንም ፕሮብ ባንዴ ያስተኛል።

ደጋግመው የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ድርብ ጥቅስ። ከሁሉ የበዛው ይሄ ነው። የመመለሻውን መስመር በድርብ ጥቅስ ከጻፋችሁት ሼሉ $ሬትቫል የሚለውን የራሱ ተለዋዋጭ አድርጎ በባዶ ይተካዋል፤ ለከርነሉ የሚደርሰው «መልስ=:ኤስ32» ነው። ዶላር ምልክት ካለ ሁልጊዜ ነጠላ ጥቅስ።

አንድ ቀስት በሁለት ቀስት ፈንታ። ኬፕሮብ_ኢቨንትስ ላይ በ«>» ከጻፋችሁ የነበሩት ፕሮቦች ሁሉ ይሰረዛሉ። በ«>>» ነው የሚጨመረው።

«መሣሪያው ሥራ ላይ ነው» የሚል መልስ። ፕሮቡ ሳይጠፋ ልትሰርዙት ሞክራችኋል፣ ወይም ትሪገሩ አልተነሳም።

«ልክ ያልሆነ አርጊውመንት»። ከመገመት ይልቅ «ካት ኤረር_ሎግ» በሉ፤ የጻፋችሁትን መስመር አሳይቶ ስህተቱ ያለበት ቦታ ሥር ምልክት ያደርግላችኋል። ይህን ፋይል የማያውቁ ሰዎች ብዛት ያስገርመኛል።

የሲስተም ኮል መጠቅለያ መያዝ። ስማቸው በ«__ኤክስ64_ሲስ_» የሚጀምሩ ፈንክሽኖች አርጊውመንቶቻቸውን በቀጥታ አይቀበሉም፤ የሚቀበሉት የሬጂስተሮች ስትራክት አድራሻ ብቻ ነው። ዲአይን ስታነቡ የምታገኙት ያንን አድራሻ ነው። ምሳሌዬን ከእነሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ካለው ፈንክሽን የወሰድኩት ለዚህ ነው።

ሁሉም ትክክል ሆኖ መከልከል። ከርነሉ ሎክዳውን (ሩትንም የሚገድብ የከርነሉ መቆለፊያ) ላይ «ኮንፊደንሻሊቲ» በሚለው ደረጃ ከተቆለፈ ሩትም ብትሆኑ ፕሮብ አይፈቀድም። /ሲስ/ከርነል/ሴኩሪቲ/ሎክዳውን ያለበትን ደረጃ ያሳያችኋል።

ፈንክሽን መሐል ላይ መትከል ስትፈልጉ

ከስሙ ቀጥሎ «+» እና የባይት ርቀት ጽፋችሁ መሐሉን መያዝ ይቻላል። ርቀቱ ግን የግድ የኢንስትራክሽን መጀመሪያ ላይ መውደቅ አለበት፤ ካልሆነ ከርነሉ አይቀበለውም። መሐል ላይ አርጊውመንቶቹ በመጀመሪያ ሬጂስተራቸው ላይኖሩም ይችላሉ። በእጅ ከመቁጠር ፐርፍ ፕሮብን ተጠቀሙ፤ የከርነሉ ዲበግ ኢንፎ ከተጫነ በምንጭ ኮድ መስመር ቁጥርና በተለዋዋጭ ስም ይተክልላችኋል፣ ርቀቱንና ሬጂስተሩን ራሱ ያሰላል።

ሲ ሞጁል የሚያስፈልገውስ መቼ ነው? መዝጋቢው ውስጥ ውሳኔ ሲኖር፣ ለምሳሌ ረጅም የስትራክት ሰንሰለት ተከትሎ ማወዳደር ሲያስፈልግ። የከርነሉ ምንጭ ኮድ ውስጥ ሳምፕልስ/ኬፕሮብስ በሚለው ማውጫ የተዘጋጀ ምሳሌ አለ፤ ከእሱ ጀምሩ። መዝጋቢው ውስጥ ሚውቴክስ (ጠባቂውን የሚያስተኛ ሎክ) አትያዙ፣ ሊተኛ የሚችል የሜሞሪ ጥያቄም አታቅርቡ። ሞጁሉ ሲወጣ ደግሞ አንሬጂስተር_ኬፕሮብን መጥራት አትርሱ፤ ከረሳችሁ ሞጁሉ ከሜሞሪ ይወጣል፣ ፕሮቡ ግን በቦታው ይቀራል፤ ቀጣዩ ጥሪ የሌለ ኮድ ላይ ዘልሎ ከርነሉን ይዞት ይወድቃል።